ደሙ ሲመለስ የሚቃጠል ኩላሊት

በሆድ ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ሊፈነዳ የተቃረበበት ሰው ቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ሐኪሙ በእጁ የያዘው መቆንጠጫ ከመቀስ ብዙም አይለይም። ደም ቅዳውን በመቆንጠጫው አጥብቆ ሲይዘው ከዚያ በታች ያለው የሰውነት ክፍል ደም ያጣል። መቆንጠጫው ከኩላሊቶቹ በላይ ካረፈ እነሱም አብረው ይደርቃሉ። ከዚያ በኋላ ደቂቃ መቁጠር ነው፤ 20፣ 25፣ 30። የተነፋው ቧንቧ በሰው ሠራሽ ቱቦ ተተክቶ መቆንጠጫው ሲላቀቅ ደሙ ይመለሳል፣ በክፍሉ ያለው ሁሉ እፎይ ይላል። የኩላሊቱ ሁለተኛው መከራ የሚጀምረው ግን ያን ጊዜ ነው።

ኩላሊት የደም ነገር አይሆንለትም። ሁለቱም ተደምረው 300 ግራም ገደማ ይመዝናሉ፤ ልብ ከምትረጨው ደም ግን ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይወስዳሉ፣ በደቂቃ አንድ ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ከዚህ ደም በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ዘጠኝ ይሞላል። ከዚያ ሁሉ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ቢሆን ነው። የቀረው ውሃና ጨው ከቀጫጭኖቹ የኩላሊት ቱቦዎች አንድ በአንድ ተለቅሞ ወደ ደም ይመለሳል። ጉልበት የሚበላውም ይህ ለቀማ ነው።

ደሙ ደግሞ በኩላሊቱ ውስጥ እኩል አይከፋፈልም። አብዛኛው ለውጭኛው ክፍል ይደርሳል፤ ጨው እየገፉ ቀን ከሌት የሚሠሩት የውስጠኛው ክፍል ቱቦዎች ግን በኦክስጅን ረገድ ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ ነው። የሚያስቀምጡት የላቸውም። ደሙ ትንሽ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚራቡት እነሱ ናቸው።

ደም መቋረጡ እንደሚጎዳ ማንም ይገምታል። መመለሱ የሚጎዳው ለምንድን ነው? አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት የሕክምና ትምህርት አያስፈልገውም። መብራት ሲጠፋ ጠንቃቃ የቤት እመቤት ሮጣ የምትነቅለው የፍሪጁን ሶኬት ነው። ፍሪጁን የሚያቃጥለው ጨለማው ሳይሆን መብራቱ በኃይል ሲመለስ መሆኑን ታውቃለችና። በኩላሊት ህዋስ ውስጥም የሚሆነው ከዚህ አይርቅም። ኦክስጅን ሲቋረጥ የህዋሱ የኃይል ማመንጫዎች፣ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉት፣ ሥራ ያቆማሉ። ጨውን የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል፤ ህዋሱ ውሃ ይዞ ያብጣል፤ አሲድና ካልሲየም ይከማቹበታል። ሱክሲኔት የሚባል ያልተቃጠለ ነዳጅም ይጠራቀማል። ደሙ ተመልሶ ኦክስጅን ሲገባ ያ ነዳጅ ባንድ ጊዜ ይነዳል። ከዚያ የሚወጡት ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቁጡ የኦክስጅን ቅንጣቶች ያገኙትን ሁሉ ይልጣሉ፤ የህዋሱን ሽፋን፣ ፕሮቲኑን፣ ዘረ መሉን ሳይቀር። ይህን ያዩ ነጭ የደም ህዋሳት ጠላት የገባ መስሏቸው እየጎረፉ ይመጡና በእሳቱ ላይ ጋዝ ይጨምሩበታል።

ነገሩ የታወቀው በአንድ ቀን አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1960 አሜሪካዊው ሮበርት ጄኒንግስና ባልደረቦቹ የውሻን የልብ ደም ቅዳ ዘግተው ሲከፍቱ፣ ደሙ መመለሱ የህዋሳቱን ሞት የሚያፋጥን መስሎ እንደታያቸው ጻፉ። በ1984 ደግሞ ማርክ ፓለርና ባልደረቦቹ በአይጥ ኩላሊት ላይ የነዚያን ቁጡ ቅንጣቶች እጅ አሳዩ። ቅንጣቶቹን የሚያረክስ ነገር ቀድመው የሰጧቸው አይጦች ኩላሊታቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። የሱክሲኔቱ ታሪክ የተገለጠው ከዚያ 30 ዓመት ቆይቶ ነው፤ በ2014፣ በእንግሊዝ ካምብሪጅ በማይክል መርፊና በቶማስ ክሪግ የተመራ ቡድን ይፋ ባደረገው ጥናት።

የፓለር ሙከራ አንድ ትልቅ በር ከፈተ። ፍሪ ራዲካልን ማርከስ ኩላሊትን የሚያድን ከሆነ፣ ፍሪ ራዲካልን የሚያረክስ ነገር ደግሞ በየእጽዋቱ ሞልቷል። ተመራማሪው ሁሉ ወደ ጓዳ ዞረ።

ከዚያ ወዲህ ያልተሞከረ ቅመም የለም ማለት ይቀላል። የአልጫ ወጥን ቢጫ የሚያደርገው የእርድ ቀለም፣ ኩርኩሚን። በቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ውስጥ በብዛት ያለው ኩዌርሰቲን። የአረንጓዴ ሻይ ቅጠል፣ የዝንጅብል፣ የነጭ ሽንኩርትና የወይን ፍሬ ንጥረ ነገሮች። ለኢትዮጵያ ቤት እንግዳ ያልሆነው ጥቁር አዝሙድም አልቀረም፤ ታይሞኪኖን የሚባለው ዋና ንጥረ ነገሩ በአይጦች ላይ ተደጋግሞ ተሞክሯል። ሙከራው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። አይጧ ንጥረ ነገሩን ለጥቂት ቀናት ትወስዳለች፤ ከዚያ ማደንዘዣ ተሰጥቷት የኩላሊቷ ደም ሥር ለ30 ወይም ለ45 ደቂቃ ይቆነጠጣል፤ ይለቀቃል። በማግስቱ ክሪያቲኒን የሚባለው የኩላሊት መለኪያ በደሟ ውስጥ ይለካል። ውጤቱም እንደዚሁ አንድ ዓይነት ነው፤ ንጥረ ነገሩን የወሰደችው አይጥ ካልወሰደችው ትሻላለች።

እነዚህ ንጥረ ነገሮች የሚሠሩበት መንገድ ቀድሞ ከተገመተው ይልቅ የሚያስገርም ሆኖ ተገኝቷል። መጀመሪያ የታሰበው እንደ እሳት አጥፊ ቅንጣቶቹን ራሳቸው እንደሚያረክሱ ነበር። አሁን አሁን ከዚያ ይልቅ ክብደት የሚሰጠው ለሌላ ሐሳብ ነው። ብዙዎቹ ተክሉ ራሱን ከነፍሳት የሚከላከልባቸው ለስለስ ያሉ መርዞች ናቸው። ሰናፍጭ አፍንጫን የሚሰነፍጠው በከንቱ አይደለም፤ የሚነክሰውን ትል ለማባረር ነው። በ1992 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የፖል ታላላይ ቡድን ከብሮኮሊ ለይቶ ያወጣው ሰልፎራፌን የሰናፍጩ ንጥረ ነገር የሥጋ ዘመድ ነው። ህዋስ ይህን ትንሽ መርዝ ሲቀምስ ይደነግጥና ኤንአርኤፍ-2 የሚባለውን የራሱን የአደጋ ጊዜ አዛዥ ይቀሰቅሳል። አዛዡም የህዋሱን የራሱን መከላከያ ፕሮቲኖች በገፍ ያሠራል። ተክሉ ለኩላሊቱ ጋሻ አልሰጠም፤ ነካ አድርጎ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው እንጂ። ፍሪጁ ላይ ስታቢላይዘር እንደ መግጠም ያለ ነው፤ መብራቱ ከመመለሱ በፊት መገጠም አለበት።

ይህች "በፊት" የምትል ቃል ኋላ ትመለሳለች።

ይህን ሁሉ የአይጥ ድል የሚያነብ ሰው አንድ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም። በሰው ላይስ? ለእርድ መልሱ የመጣው ከካናዳ ነው። ሐኪሞቹ ፈተናውን የመረጡት አስበው ነው። የሆድ አኦርታው የተነፋ ሰው ቀጠሮ ተይዞለት የሚታከም ስለሆነ፣ የኩላሊቱ አደጋ የሚመጣበት ሰዓት አስቀድሞ ይታወቃል፤ መድኃኒቱን ቀድሞ መስጠት ይቻላል። አይጧ ያገኘችውን ዕድል ሰውም ያገኛል ማለት ነው። በ10 ሆስፒታሎች 606 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ኩርኩሚን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ወሰዱ። መጠኑ ቀላል አልነበረም፤ በየጊዜው 2 ግራም ሆኖ በ4 ቀን 8 ጊዜ። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ስለሆነ፣ በዱቄት ቢሰላ በአራት ቀን ግማሽ ኪሎ እርድ እንደ መዋጥ ነው። የትኛዋም ባለሙያ እመቤት ለአንድ ድስት አልጫ ይህን አታደርግም።

ውጤቱ በ2018 ታተመ። ኩርኩሚን የሰውነት መቆጣትንም ሆነ የኩላሊትን መለኪያዎች አላሻሻለም። ከዚህም የባሰ ነገር ታየ፤ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ማስመሰያውን ከወሰዱት ከመቶ 10ሩን ሲያገኝ፣ ኩርኩሚን ከወሰዱት ከመቶ 17ቱን አገኘ።

"እርድ ለኩላሊት" የሚሉ ቪዲዮዎች ግን ዛሬም በየስልኩ ይዞራሉ፤ የሚጠቅሱትም ያንኑ የአይጥ ጥናት ነው።

አይጧ ዋሸች ማለት አይደለም። የላብራቶሪ አይጥ ወጣት ናት፤ ስኳርም ደም ግፊትም የለባትም፤ እህቶቿ በዘር ከሷ ብዙም አይለዩም። የአኦርታ ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ሰው በአብዛኛው ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ፣ ሲጋራ ያጨሰ፣ ግፊት ያለበት ነው። ኩላሊቱ ከመቆንጠጫው በፊትም ደክሟል። ለአይጧ ንጥረ ነገሩ ብዙ ጊዜ በመርፌ ይሰጣታል፤ ሰው ግን ይውጠዋል። ኩርኩሚን ደግሞ ሲውጡት ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ያለፈውንም ጉበት ወዲያው ይለውጠዋል። ሌላም አለ። ያልተሳካ የአይጥ ሙከራ ለኅትመት የመድረስ ዕድሉ አነስተኛ ነው። መጽሔት ላይ የሚታየው አሸናፊው ብቻ ሲሆን አንባቢው ሁሉም ያሸነፈ ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ያቺ "በፊት" ነው። በአይጥ ሙከራ መድኃኒቱ ከቁንጠጣው ቀድሞ ይገባል። ሆስፒታል የሚመጣው ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ኩላሊቱ ደም ያጣው ትናንት ነው። በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት፣ ተቅማጥና ትውከት ያደረቀው ሕፃን፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ ወጣት፣ ኢንፌክሽን በደሙ ተሠራጭቶ ግፊቱ የወደቀ አዛውንት፣ ማናቸውም ቀጠሮ ይዘው አልታመሙም። ክሪያቲኒን ራሱ ከፍ ብሎ የሚታየው ጉዳቱ ከደረሰ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ያኔ ፍሪ ራዲካልን የሚያረክስ ነገር መስጠት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ነው።

ፍሪ ራዲካልን ያረክሳል የተባለው የአሴቲልሲስቲን ታሪክም ሊዘነጋ አይገባም። ይህ ሰውነት ከሚያውቀው ሲስቲን ከሚባለው አሚኖ አሲድ የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ጉበትን ከፓራሲታሞል መመረዝ በማዳን ስም አለው። በ2000 በጀርመን የተሠራ ጥናት፣ ለራጅ ምርመራ በደም ሥር የሚሰጥ ቀለም ኩላሊትን እንዳይጎዳ በ83 ሰዎች ላይ ሞከረው። ጉዳቱ ከመቶ 21 ወደ ከመቶ 2 ወረደ። ዓለም ተደሰተ፤ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ ጉዳቱም አነስተኛ ነው፤ ሆስፒታሎች ለዓመታት ሲያዝዙት ኖሩ። በ2018 ወደ 5000 የሚጠጉ ሕሙማን የገቡበት ትልቅ ጥናት ወጣ። ልዩነት የለም። ይህን አስረግጦ ለመናገር 18 ዓመት ፈጀ።

ታዲያ ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር ኩላሊትን ከዚህ ጉዳት አያድንም ማለት ነው? እንዲህ ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በተግባር የሚያድኑት የሚገኙት ግን ማስታወቂያ በሌለበት ቦታ ነው።

አንደኛው ቦታ የበረዶ ሳጥን ነው። ለንቅለ ተከላ ከሰው አካል የወጣ ኩላሊት ደም ሙሉ በሙሉ ያጣል፤ በአዲሱ ባለቤት ገላ ውስጥ ተሰፍቶ ደሙ እስኪመለስለት ድረስ ሰዓታት ሊያልፉ ይችላሉ። ከዚህ የከፋ መቋረጥና መመለስ የለም። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፎልከርት ቤልዘርና ጄምስ ሳውዘርድ ለዚህ የሚሆን ቀዝቃዛ መጠበቂያ ፈሳሽ ቀመሩ፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ በሥራ ላይ ነው። በውስጡ ያለውን ማየት ያስገርማል። ከወተት ስኳር የሚሠራ ላክቶባዮኔት አለበት። ራፊኖዝ የሚባል ስኳር አለበት፤ ባቄላና ሽምብራ ሲበሉ ሆድ የሚነፋው በዚህና በዘመዶቹ ነው። የሽሮ ወዳጆች ያውቁታል። ራፊኖዝ ወደ ህዋሱ ስለማይገባ ውሃውን ውጭ ይዞ ያስቀርና ህዋሱ እንዳያብጥ ያደርጋል። ግሉታታዮን አለበት፤ ይህን የሰው ህዋስ ራሱ ለመከላከያው የሚሠራው ነው። አዴኖሲንም አለበት፤ ደሙ ሲመለስ ኃይል ለመሥራት መነሻ እንዲሆን። ከፋብሪካ ከመጡት አንዱ ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል ነው። በጀርመን የብሬትሽናይደር ፈሳሽ የሚባለው ሌላኛው መጠበቂያም ዋና ምርኩዙ ሂስቲዲን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው። ከአንጀትና ከጉበት ጋር ትግል የለም፤ ንጥረ ነገሩ በቀጥታ ኩላሊቱ ውስጥ ይፈስሳል፤ የሚገባውም ደሙ ከመመለሱ በፊት ነው። ዋናው ሥራ ግን የቅዝቃዜው ነው፤ የቀዘቀዘ ህዋስ ብዙ ኦክስጅን አይጠይቅም።

ኢትዮጵያ ይህን ዓለም የተቀላቀለችው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹን የኩላሊት ንቅለ ተከላዎች አካሄደ። ለጋሾቹ በሕይወት ያሉ የሕሙማኑ ዘመዶች ነበሩ። ይህም ለኩላሊቱ የራሱ ጥቅም አለው። ሰጪና ተቀባይ በአንድ ሆስፒታል ስለሚተኙ ኩላሊቱ ያለ ደም የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው።

ሁለተኛው ቦታ የልብ ቀዶ ጥገና ክፍል ነው። ልብ ቆሞ ደም በማሽን ሲዘዋወር የኩላሊት ደም ይዛባል፤ በዚህ ምክንያት ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ኩላሊታቸው ይጎዳል። ሐኪሞች አንድ የቆየ እውቀት አስታወሱ። ሰው ሥጋ ጠግቦ ሲበላ ኩላሊቱ ተጨማሪ ደም ይስባል፤ የሚያጣራውም ይጨምራል። ከፕሮቲኑ የሚገኙት አሚኖ አሲዶች የኩላሊትን ደም ሥሮች ስለሚያሰፉ ነው። ታዲያ አሚኖ አሲዶቹን በደም ሥር ቢሰጧቸውስ? በጣሊያናዊው ጆቫኒ ላንዶኒ የተመራው ጥናት ይህን በ3511 ሕሙማን ላይ፣ በ3 አገሮች ባሉ 22 ሆስፒታሎች ሞከረ። በ2024 የወጣው ውጤት አሚኖ አሲድ ካገኙት ከመቶ 26.9፣ ካላገኙት ከመቶ 31.7 ኩላሊታቸው መጎዳቱን አሳየ። ከመቶ ሰው አምስት ያህሉ ዳነ ማለት ነው። በሞት ቁጥር ላይ ግን ልዩነት አልታየም። የቪዲዮ ርዕስ የሚሆን ተአምር አይደለም፤ ግን በብዙ ሺህ ሰው ላይ ተፈትኖ የቆመ ነው። አሚኖ አሲዱም ምግብ መዋጥ ለማይችሉ ሕሙማን ለብዙ ዓመታት በደም ሥር ሲሰጥ የኖረ ነው።

(ይህን አንብቦ ቁርጥ ቤት የሚሮጥ እንዳይኖር። ኩላሊቱ ቀድሞ ለደከመ ሰው ፕሮቲን ማብዛት ሐኪሞች የሚከለክሉት ነገር ነው። ለሦስት ቀን በደም ሥር የሚሰጥ ሕክምና ሌላ፣ የዕለት ማዕድ ሌላ።)

ሦስተኛ ተስፋ የተጣለበት ኒኮቲናማይድ የሚባለው የቫይታሚን ቢ-3 ዓይነት ነው። የተጎዳ ኩላሊት ለማይቶኮንድሪያ የሚያስፈልገውን አንድ ንጥረ ነገር መሥራት ያቅተዋል፤ ቫይታሚኑ ለዚያ መሥሪያ ይሆናል። በቦስተን የሳሚር ፓሪክ ቡድን መጀመሪያ በአይጥ፣ በ2018 ደግሞ የልብ ቀዶ ጥገና በሚደረግላቸው 41 ሰዎች ሞክሮት ጥሩ ምልክት አይቷል። 41 ሰው። አሴቲልሲስቲንን ያስታወሰ አንባቢ ለዚህ ቁጥር ምን ያህል ክብደት መስጠት እንዳለበት ያውቃል።

ከዚህ ሁሉ ሌላ "ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም" የሚል እምነት አለ። ለኩላሊት ከዚህ የበለጠ አደገኛ አባባል የለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂየም ዋና ከተማ ብራስልስ አንድ የማክሻ ክሊኒክ ለደንበኞቹ የቻይና ዕፅ ያለበት እንክብል ይሰጥ ነበር። በእንክብሉ ውስጥ መግባት በነበረበት ተክል ፋንታ አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለበት ሌላ ተክል ገብቶ ኖሮ፣ ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተበላሸ። ከነሱም ውስጥ በኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር የያዛቸው አሉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። እርድም ቢሆን በወጥ ውስጥ ያለ ስጋት የሚበላ ቅመም ሆኖ ሳለ፣ በእንክብል መልክ ለወራት በብዛት ሲወሰድ በያዘው ኦክሳሌት ምክንያት ኩላሊትን እንደጎዳ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ሲም በዚሁ መንገድ ይጎዳል። ቅመም በማንኪያ ጫፍ የሚጨመረው ለጣዕም ብቻ ይመስላል እንጂ፣ የጓዳው መጠን ራሱ ትውልድ የፈተነው መጠን ነው።

አሁን ወደ ብዙኃኑ እንመለስ። በ2015 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ግምት በዓለም በየዓመቱ 13.3 ሚሊዮን ሰው ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት እንደሚደርስበት፣ 1.7 ሚሊዮን የሚሆኑት እንደሚሞቱ፣ ከታማሚዎቹም ከመቶ 85ቱ በታዳጊ አገሮች እንደሚኖሩ ይገልጻል። እነዚህ አኦርታቸው የተቆነጠጠ ሰዎች አይደሉም። በብዛት ፈሳሽና ደም ያጡ፣ ኢንፌክሽን የያዛቸው፣ ወይም የማይሆን መድኃኒትና ሥር የጠጡ ናቸው። ለብዙዎቹ ኩላሊት ደም የሚያቋርጠው መቆንጠጫ ሳይሆን ድርቀት ነው።

ለድርቀት ደግሞ የተፈተነ የተፈጥሮ ቅመም አለ፤ ጨው፣ ስኳርና ውሃ። ስኳሩ ለጣዕም የገባ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። የአንጀት ግድግዳ ላይ ስኳርና ጨው እጅ ለእጅ ተያይዘው ብቻ የሚገቡበት በር አለ፤ ውሃውም እነሱን ተከትሎ ይገባል። ኮሌራ ይህን በር አይዘጋውም። በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ሲነሣ ሕንድ ድንበር ላይ በሚገኘው ቦንጋዎን ስደተኞች በኮሌራ እየረገፉ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ በጥብጦ በኩባያ ማጠጣት ጀመረ፤ ዘመዶቻቸውም እንዲያጠጧቸው አደረገ። ከመቶ 30 ደርሶ የነበረው ሞት ከመቶ 4 በታች ወረደ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው "ሕይወት አድን ንጥረ ነገር" እየተባለ በትንሽ ከረጢት የሚሰጠው ይኸው ነው። የድርቀትን ሞት ሲከለክል ኩላሊትንም አብሮ ይጠብቃል፤ ደሙ ሳይቋረጥ፣ ስለዚህም የመመለሱ እሳት ሳይነሣ።

በመሬት መንቀጥቀጥ ለሚሠሩ ሐኪሞችም የሚሰጠው መመሪያ ይህንኑ ይከተላል። ፍርስራሽ የተጫነውን ሰው ከማውጣት በፊት፣ እጁ ብቻ ብትታይም እንኳ፣ በእጁ ደም ሥር ጨዋማ ፈሳሽ ይሰጠዋል። የተጫነው ጡንቻ ሲለቀቅ የሚፈሰው መርዝ ኩላሊቱን ባዶ እንዳያገኘው ነው። እዚህም ቁም ነገሩ "በፊት" ነው።

የጓዳው ተስፋ ግን አልሞተም። ኩርኩሚንን ከአንጀት የሚያሻግሩ አዳዲስ ቅንብሮች፣ ኤንአርኤፍ-2ን የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች በየቤተ ሙከራው እየተሠሩ ነው። ከነዚህም አንዱ፣ ከወይራ ቅጠል ከሚገኘው ኦሊያኖሊክ አሲድ ተነሥቶ የተሠራው ባርዶክሶሎን፣ ለስኳር ሕሙማን ኩላሊት በሰፊው ሲሞከር በ2012 የልብ ድካም ስላበዛ ጥናቱ ተቋርጧል። መንገዱ ረጅም ነው፤ የሚያልፍበትም በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ በዕጣ በተደረገ ፈተና እንጂ በአይጥ ምስክርነት አይደለም።

ቀዶ ጥገና የተቀጠረለት አንባቢ ካለ አንድ ነገር ያድርግ። የሚወስደውን ሁሉ፣ የእርድ እንክብሉንም፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይቱንም፣ የሽፈራው ዱቄቱንም፣ ከባሕል ሐኪም የተሰጠውን ሥርም፣ ለሕመም የሚውጠውን ዳይክሎፌናክም ጭምር፣ ለማደንዘዣ ባለሙያው ቀጠሮው ከመድረሱ ከሁለት ሳምንት በፊት ይንገር። ብዙ ሰው ስለ ዕፅ ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ብዙ ሐኪምም አይጠይቅም።